ቤዝ ጊታርና አምፕሊፋየር፦ ከምርጫ እስከ መድረክ

ቤዝ ጊታር ከሌሎች ጋር እንዲጫወት የተሠራ መሣሪያ ነው። ብቻውን ሲደመጥ ክፍሉን የሚሞላ ግርማ የነበረው ድምፅ፣ ድራምና ኪቦርድ ሲገቡበት የት እንደገባ የማይታወቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ብቻውን ደረቅ መስሎ የነበረው ደግሞ ከባንዱ ጋር ሲገጥም እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ይወጣል። ጀማሪዎች ገንዘባቸውን በከንቱ የሚያወጡት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ባለማወቅ ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ለብቻቸው ሞክረው ይገዛሉ፤ መድረክ ላይ ግን አይሰሙም። ስለዚህ መሣሪያውን ስትመርጡም ሆነ የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ ስታዞሩ መመዘኛችሁ አንድ ይሁን፦ ይህ ድምፅ ከሌሎቹ ጋር ሆኖ ይሰማል ወይ?

1. የክር ርዝመትና ብዛት

የመደበኛ ቤዝ ክር፣ ነት ከሚባለው የላይኛው ማረፊያ ብሪጅ እስከሚባለው የታችኛው ማረፊያ ድረስ 34 ኢንች ወይም 864 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። አጭሩ ዓይነት 30 ኢንች ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ግራ እጅ በመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች (አንገቱ ላይ በተጋደሙት የብረት ዘንጎች) ላይ ሲዘረጋ በጉልህ ይታወቃል። እጁ ትንሽ የሆነ ሰው በአጭሩ ቢጀምር የሚጎድልበት ነገር የለም። አጭር ቤዝ የልጅ መለማመጃ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎችን አትስሙ፤ ፖል ማካርትኒ በቢትልስ ዘመን ይዞት የታወቀው ሆፍነር አጭር ክር ያለው ነው። ድምፁ ከረጅሙ ይልቅ ክብና ለስላሳ ይሆናል፤ ክሩም ሲነካ ላላ ይላል።

ባለ አራት ክሩ ቤዝ ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ተብሎ ይቃኛል። ባለ አምስቱ ከኢ በታች ቢን ይጨምራል። ኢ በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ሲርገበገብ ቢ 31 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ይህን ያህል ዝቅ ያለ ክር በሚገባ ካልተወጠረ ኖታው ይድበሰበሳል፤ አንዳንድ ሠሪዎች ባለ አምስት ክሩን 35 ኢንች የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ምክሬ በአራት ክር ጀምሩ ነው። አብራችሁ የምትጫወቱት ሙዚቃ ከኢ በታች ያሉትን ዲና ሲ ዘወትር የሚጠይቅ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ባለ አምስቱን ያዙ፤ አምስተኛው ክር የአውራ ጣትን ማረፊያና የማፈን ልማድን ስለሚለውጥ ቆይቶ መሸጋገር ተጨማሪ ልምምድ ይፈልጋል።

2. አንገትና ፒክአፕ

ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ቤዞች የሁለት መሣሪያዎች ዘር ናቸው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው አሜሪካዊው መሣሪያ ሠሪ ሊዮ ፌንደር በ1951 ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው በ1960 የተከተለው ጃዝ ቤዝ ነው። የጃዝ ቤዝ አንገት ነቱ ጋ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይሰፋል። የፕሪሲዥን ከ41 እስከ 44 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የትኛው እንደሚስማማ የሚናገረው እጅ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ሁለቱንም ተቀምጣችሁም ቆማችሁም ያዟቸው፤ አንድ ዜማ ሳታቋርጡ ለአሥር ደቂቃ ያህል ተጫወቱ። የግራ አንጓ የሚያመው አንገት፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ቤት ገብቶ ግድግዳ ላይ ይቀራል።

ፒክአፕ የክሩን መርገብገብ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ነው። ፕሪሲዥን ከ1957 ወዲህ ለሁለት የተከፈለ አንድ ፒክአፕ አለው። ሁለቱ ግማሾች የኤሌክትሪኩን ጉምጉምታ እርስ በርስ ያጠፋፋሉ፤ ድምፁም መካከለኛው ክፍል የደነደነ ነው። ጃዝ ቤዝ ሁለት ነጠላ ፒክአፖች አሉት። ወደ አንገት የቀረበው ወፈር፣ ወደ ብሪጅ የቀረበው ጠበቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ሁለቱን እያቀላቀሉ ብዙ መልክ ማውጣት ይቻላል። አንዱን ብቻ ከፍታችሁ ሌላውን ከዘጋችሁ ጉምጉምታው ይመጣል፤ ሁለቱ እኩል ሲከፈቱ ይጠፋል። ይህን የማያውቅ ሰው መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል።

ባትሪ የሚፈልጉ፣ አክቲቭ የሚባሉ ቤዞችም አሉ። በ1976 የወጣው ሚዩዚክ ማን ስቲንግሬይ ይህን አሠራር በሰፊው አስተዋወቀ። ብዙዎቹ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይይዛሉ። ባትሪው ሥራ የሚጀምረው ኬብሉ ጃኩ ውስጥ ሲገባ ስለሆነ፣ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ኬብሉን ንቀሉ፤ አለበለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሲያልቅ ያድራል። በልምምድ መካከል ድምፁ በድንገት መሰነጣጠቅ ከጀመረ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው።

ለመጀመሪያ መሣሪያ እኔ የምመርጠው ባትሪ የማይፈልግ፣ አንድ የፕሪሲዥን ዓይነት ፒክአፕ ያለው ቤዝ ነው። አንድ የቮልዩም ቁልፍ፣ አንድ የቃና ቁልፍ፣ ሌላ የለም። ልዩነት ለማምጣት የሚቀረው እጅ ብቻ ስለሚሆን ተማሪው ከእጁ ይማራል፤ ድምፁም ባንድ ውስጥ ቦታውን ሳይቸገር ያገኛል።

3. ያገለገለ መሣሪያ አመራመር

ያገለገለ ቤዝ መግዛት ብልህነት ነው፤ ግን በቅደም ተከተል መርምሩ። መጀመሪያ ከአምፕሊፋየር ጋር ሳታገናኙ። ማንገቻውን አድርጋችሁ ቁሙና ሁለቱንም እጆች ልቀቁ። ጭንቅላቱ ወደ መሬት ከወረደ ግራ እጃችሁ ሁልጊዜ አንገቱን ደግፎ ሊኖር ነው፤ ይህ በጊዜ የማይሻሻል ጉድለት ነው። ክብደቱንም እዚያው መዝኑ። ብዙ ቤዞች ከ3.5 እስከ 4.5 ኪሎ ግራም ይሆናሉ፤ የአንድ ኪሎ ልዩነት ሁለት ሰዓት ከቆማችሁ በኋላ ትከሻችሁ ላይ ይታወቃል።

ቀጥሎ ቤዙን ከጭንቅላቱ በኩል አንሥታችሁ፣ አንድ ዓይን ጨፍናችሁ፣ የአንገቱን ጠርዝ ወደ ብሪጁ ተመልከቱ። ወደ ክሮቹ በኩል ትንሽ መጎበጥ ጤናማ ነው። አንደኛው ጠርዝ ከሌላው በተለየ የሚታጠፍ ከሆነ ግን አንገቱ ተጠማዟል፤ ዋጋው ምንም ቢረክስ ተዉት። በአንገቱ ውስጥ ያለው ትረስ ሮድ የሚባለው የብረት ዘንግ የሚሠራ መሆኑን ሻጩ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። የዘንጉ ማዞሪያ የተላጠ ወይም እስከ መጨረሻው የጠበቀ ከሆነ አንገቱን ወደፊት የሚያቃና ነገር አልቀረም ማለት ነው።

አሁን በእያንዳንዱ ክር እያንዳንዱን ፍሬት ምቱ። አዎ፣ ሁሉንም። የሚንጫረር ኖታ ካለ ቦታውን ያዙ፤ ከማስተካከል ወይም ካረጀ ፍሬት ሊመጣ ይችላል። ሳይንጫረር ቶሎ የሚሞት ኖታም አለ፤ በጂ ክር ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በብዙ ቤዞች ያጋጥማል። መጠነኛ ከሆነ ልትኖሩበት ትችላላችሁ፤ ኖታው ገና ሳይወጣ የሚጠፋ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ከአምፕሊፋየር ጋር ስታገናኙ ቁልፎቹን አዙሩ፤ ኬብሉንም ጃኩ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ አነቃንቁ። መንኮሻኮሽ አቧራ ነው፤ በኤሌክትሪክ ማጽጃ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ይለቃል። የሚቆራረጥ ጃክ በትንሽ ብየዳ ይጠገናል። እነዚህ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማሉ እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆኑም።

4. መሣሪያውን ማስተካከል

ብዙ ሰው መሣሪያውን የሚጠላው ሳያስተካክለው ነው። በሚገባ የተስተካከለ ርካሽ ቤዝ ካልተስተካከለ ውድ ቤዝ የተሻለ ይጫወታል። ቅደም ተከተሉ አይለወጥ፦ ክር፣ አንገት፣ ከፍታ፣ ከዚያ የኖታ ልክነት። አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው ብታልፉ ተመልሳችሁ ከመጀመሪያው ትነሣላችሁ።

ክር ስትለውጡ አንድ በአንድ አውጡና አስገቡ። ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ውፍረት ከ45 እስከ 105 የሚባለው ስብስብ ነው፤ ቁጥሩ የኢንች ሺሕኛ ነው። አዲሱን ክር ከመቃኛው ምሰሶ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ አሳልፋችሁ፣ መጀመሪያ በቀጥታ ማዕዘን እጠፉት፤ ከዚያ ከእጥፋቱ አልፋችሁ ቁረጡት። ሳይታጠፍ የተቆረጠ ክር ውጫዊ ጥቅሉ ሊተረተር ይችላል። ጫፉን ምሰሶው መሐል ካለው ቀዳዳ ከታችሁ ሁለት ሦስት ዙር ወደ ታች እንዲጠመጠም አድርጉ።

ክቡ ጥቅል ያለው ክር ብሩህና ተናካሽ ድምፅ አለው። ለስላሳው፣ ጠፍጣፋ ጥቅል ያለው ክር ድምፁ ደብዘዝ ያለና ለጣት የሚመች ሲሆን ለዓመታት ያገለግላል። ቤዝ ተጫዋቹ ጄምስ ጄመርሰን ሞታውን በተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ስቱዲዮ የተጫወተው በለስላሳው ክር ነበር፤ ክር መለወጥም አይወድም ነበር። ያ ብሩህነት የሌለው ድምፅ በስንቱ ዘፈን ውስጥ ዛሬም ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ማድመጥ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከተቃኘ በኋላ የአንገቱን ጉብጠት ለኩ። ኢ ክሩን በአንድ እጅ መጀመሪያው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጅ መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑ። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት፤ የአድራሻ ካርድ ውፍረት ይቀርበዋል። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ትረስ ሮዱን አጥብቁ፤ ክሩ ፍሬቱን ከነካ አላሉ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ፤ እንደገና ቃኝታችሁ ለኩ። እምቢ ካለ በጉልበት አትግፉ፤ ያኔ የባለሙያ ሥራ ነው።

ከዚያ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሮቹ ምን ያህል ከፍ እንዳሉ ተመልከቱ። ጂ 2 ሚሊ ሜትር፣ ኢ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። ብርቱ እጅ ያለው ሰው ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። በመጨረሻ ለኖታ ልክነት አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነክታችሁ የሚወጣውን የፉጨት ኖታ፣ እዚያው ተጭናችሁ ከምታወጡት ጋር በመቃኛ መሣሪያ አስተያዩ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ የክሩን መቀመጫ በካቻቢቴ ወደ ኋላ ጎትቱ፤ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ አቅርቡ።

5. አምፕሊፋየርና ስፒከር

እዚህ ላይ ሰዎች ሁሉ የሚጠይቁት ስለ ዋት ነው፤ ዋት ግን ከሚታሰበው ያነሰ ነገር ይናገራል። ኃይሉን በእጥፍ ብታሳድጉ የሚጨመረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው። ጆሮ ድምፁ እጥፍ ሆነ እንዲል አሥር እጥፍ ገደማ ኃይል ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለ 300 ዋቱን ትቶ ባለ 400 ዋቱን መግዛት የሚያመጣው ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። በስፒከሩ ሳጥን ላይ የሚጻፈው ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም ሳጥኑ በተወሰነ ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ የሚናገረው ቁጥር ግን የሚገባ ነው። አንድ ሳጥን 97 ዴሲቤል፣ ሌላው በተመሳሳይ አለካክ 100 ዴሲቤል ከተባለ፣ ሁለተኛውን መግዛት የአምፕሊፋየሩን ኃይል በእጥፍ ከማሳደግ እኩል ነው። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ወደ ሳጥኑ አድሉ፤ አምፕሊፋየር ይለወጣል፣ ጥሩ ሳጥን ግን ብዙ ዘመን ያገለግላል።

ለቤት ልምምድ ከ15 እስከ 30 ዋት ይበቃል። ከድራም ጋር ለመለማመድ ከ150 እስከ 300 ዋት ያስፈልጋል፤ ለመካከለኛ መድረክ 300 እስከ 500 ዋት ከጥሩ ሳጥን ጋር ምቹ ነው። የሚሰፋ አዳራሽ ከሆነ አድማጩ የሚሰማው ከዋናው የድምፅ ሥርዓት ስለሆነ የእናንተ አምፕሊፋየር ለራሳችሁና ለጓደኞቻችሁ ብቻ ይሆናል።

ባለ 15 ኢንች ስፒከር ሁልጊዜ ከባለ 10 ኢንች ይልቅ ይወፍራል የሚለው እምነት እውነት አይደለም። የሳጥኑ አሠራርና የስፒከሮቹ ብዛት የሚወስነው ይበልጣል። በ1969 የወጣው አምፔግ ኤስቪቲ ትልልቅ መድረኮችን የሞላው በ300 ዋትና ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ባሉት ሳጥን ነበር።

በአንድ ሳጥን ውስጥ አምፕሊፋየርና ስፒከር የያዘው ኮምቦ ለጀማሪ ይቀላል። ሲገዛ ለተጨማሪ ሳጥን መውጫ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ተለያይተው የሚሸጡ ከሆነ ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ የሚለካበት የኦም ነገር ይመጣል፤ ይህን በጥንቃቄ አንብቡ። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ የሚችለው ዝቅተኛ ጭነት ተጽፏል፤ ብዙውን ጊዜ 4 ኦም ነው። ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥኖች ሲገናኙ ጭነቱ 4 ኦም ይሆናል፤ ይህ ልክ ነው። ሁለት ባለ 4 ኦም ሳጥኖች ግን 2 ኦም ይሆናሉ፤ አምፕሊፋየሩ ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል፣ ወይም ይቃጠላል። ወደፊት ሁለተኛ ሳጥን ለመጨመር ካሰባችሁ የመጀመሪያውን ባለ 8 ኦም ግዙ። በቫኪዩም ቱቦ የሚሠራ አምፕሊፋየር ደግሞ ስፒከር ሳይገናኝለት ፈጽሞ አይከፈት፤ የመውጫ ትራንስፎርመሩን ሊያጠፋው ይችላል።

አምፕሊፋየሩን ከሳጥኑ የሚያገናኘው ገመድ ለስፒከር ተብሎ የተሠራ ወፍራም ገመድ ይሁን። የጊታር ኬብል ጫፉ ቢመሳሰልም ውስጡ ቀጭን ስለሆነ ለዚህ ኃይል አልተሠራም። እንዲሁም ለተራ ጊታር በተሠራ አምፕሊፋየር ቤዝን ጮክ አድርጎ መጫወት ስፒከሩን ይጎዳል፤ በዝቅተኛ ድምፅ ለመለማመድ ግን ችግር የለውም።

6. ድምፁን ማውጣት

ማስተር የሚባለውን የአምፕሊፋየሩን ዋና የድምፅ ቁልፍ ዘግታችሁ፣ የድምፅ ማስተካከያ ቁልፎቹን ሁሉ መሐል ላይ አድርጋችሁ አብሩ። የቤዙን ቮልዩም እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ዘፈን ውስጥ የምትመቱትን ያህል አጥብቃችሁ እየመታችሁ ጌይን የሚባለውን የመግቢያ ቁልፍ ቀስ በቀስ አሳድጉ፤ ቀዩ መብራት ብልጭ ማለት ሲጀምር ትንሽ መልሱት። ከዚያ ማስተሩን እስከሚያስፈልገው ድረስ ክፈቱ።

አሁን ፈተናው ይመጣል። እጅ ወዲያው ወደ ወፍራሙ ድምፅ ቁልፍ ይሄዳል። ቆጠብ በሉ። የኢ ክር መሠረት 41 ኸርዝ ቢሆንም ጆሮ ኖታውን የሚለየው በ82፣ በ123 እና ከዚያ በላይ ባሉት ንዝረቶች ጭምር ነው። የታችኛውን ስትጨምሩ አምፕሊፋየሩ ኃይሉን ይጨርሳል፣ ስፒከሩ ይንገዳገዳል፣ ከድራሙ እግር ከበሮ ጋር ትጋጫላችሁ፤ ኖታው ግን አይጠራም። ካልተሰማችሁ ከ500 እስከ 800 ኸርዝ አካባቢ ያለውን መካከለኛ ድምፅ ትንሽ ጨምሩ። ድምፁ የታፈነ ከመሰለ ከ200 እስከ 300 ያለውን ቀንሱ። ብቻችሁን ስትጫወቱ ይህ አፍንጫዊ ሊመስላችሁ ይችላል። ከባንዱ ጋር ሆናችሁ ስሙት እንጂ አትመልሱት።

አቀማመጥም ድምፅ ነው። ሳጥኑ ማዕዘን ውስጥ ከተወሸቀ ግድግዳዎቹ ወፍራሙን ድምፅ አብዝተው ያጉረመርሙታል፤ ወደ መሐል አውጡት። መሬት ላይ ያለ ሳጥን መካከለኛውና ቀጭኑ ድምፅ በጉልበታችሁ በኩል አልፎ ይሄዳል፤ እናንተ አይሰማኝም ብላችሁ ስትጨምሩ ፊት ለፊት የቆመው ሰው ይሠቃያል። ወንበር ላይ አድርጉት ወይም ወደ ላይ አዘንብሉት።

ወደ ሚክሰር የሚሄደውን መስመር ከአምፕሊፋየሩ ቀጥታ መውጫ ወይም የቤዙን ድምፅ ለሚክሰር ከሚያመቻቸው ትንሽ ዲአይ ሳጥን አውጡ። መውጫው ከማስተካከያዎቹ በፊት የሚያደርግ ማብሪያ ካለው ያንኑ ምረጡ፤ መድረክ ላይ ቁልፍ በነካችሁ ቁጥር የአዳራሹ ድምፅ እንዳይለወጥ።

ከቁልፎች ሁሉ የሚበልጠው ግን ቀኝ እጅ ነው። ወደ አንገት ተጠግቶ የተመታ ክር ይወፍራል፤ ወደ ብሪጅ ሲጠጋ ይጠብቃል፣ ይጠራልም። አመልካችና መሐል ጣትን አፈራርቁ፤ በእኩል ጉልበት ለመምታት በዝግታ ተለማመዱ። ኮምፕሬሰር የሚባለው መሣሪያ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ ያቀራርባል፤ ሆኖም ያልተገራ እጅን አያርምም። የማትመቷቸውን ክሮች በግራ እጅ ጣቶችና በቀኝ አውራ ጣት አፍኑ፤ የቤዝ ጥራት ግማሹ የሚመጣው ኖታው በጊዜው በመቆሙ ነው። ማንገቻው ስትቆሙም ስትቀመጡም ቤዙን በአንድ ከፍታ እንዲይዝ አስተካክሉ።

7. ጉምጉምታ ሲመጣ

ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ ፈልጉ። የቤዙን ቮልዩም ዝጉ። ጉምጉምታው ከጠፋ መነሻው ከቤዙ ነው፤ ቦታችሁን ዞር ዞር በማድረግ ወይም ከመብራት ማደብዘዣና ከትራንስፎርመር በመራቅ ይቀንሳል። ካልጠፋ ኬብሉን ለውጡ፤ እንደ ኬብል ቶሎ የሚበላሽ ነገር የለም። አሁንም ካለና ወደ ሚክሰር ስትገናኙ ብቻ የሚመጣ ከሆነ በዲአይ ሳጥኑ ላይ ያለውን የምድር መስመር ማቋረጫ ተጫኑ። የኃይል ገመዱን ሦስተኛ ሹካ መቁረጥ ወይም መሸፈን ግን መፍትሔ አይደለም። እርጥብ እጅ ክር ይዞ ከንፈር ማይክሮፎን ሲነካ ሰው የሚሞትበት መንገድ ነው፤ እንዲህ የተደረገ ገመድ ካገኛችሁ አትሰኩት።

ስትጨርሱ ማስተሩን ዝጉ፣ አምፕሊፋየሩን አጥፉ፣ ከዚያ ኬብሉን ንቀሉ። ክሮቹን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ኬብሉን በክርናችሁ ላይ ሳትጠመጥሙ በሰፊው ክብ ጠቅልሉት።